ሳይቱ ከተመረቀ በኋላ

ውድ ልጆቼ፣

ድረ ገጽ መሥራትና ማስተዳደር ለጀመራችሁ ሁሉ ነው የምጽፈው። በዚህ ሙያ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። የእናንተን ሥራ ሳይ ደስ ይለኛል። እኛ ሳምንት የፈጀብንን ገጽ እናንተ በአንድ ከሰዓት ታቆሙታላችሁ። ስለዚህ ስለ ቀለምና ስለ አኒሜሽን ልመክራችሁ አልተነሣሁም። የማወራችሁ ሳይቱ ከተመረቀ በኋላ ስለሚመጡት ዓመታት ነው። ብዙ ሰው ሳይቱ ሰርቨር ላይ፣ ማለትም ለጎብኚው በሚያቀርበው ኮምፒውተር ላይ፣ ከወጣ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ያን ቀን ግን ገና መጀመሩ ነው።

ከሚከፍተው ሰው ልነሣ። እናንተ የምትሠሩት በሰፊ ስክሪን፣ በፈጣን ኮምፒውተርና በጥሩ ኢንተርኔት ነው። እሱ ግን መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ይዞ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠበት፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። እስቲ አንድ የተለመደ ገጽ በእሱ ስልክ እንክፈት። ከላይ ትልቅ ፎቶ አለ። ከካሜራ እንደወጣ የተጫነ ነው፤ ወርዱ 4000 ፒክስል፣ ክብደቱ 5 ሜጋባይት። ስልኩ ከዚያ ውስጥ የሚጠቀመው ጥቂቱን ነው። ሰውየው ግን ለሙሉው ዳታ ከፍሏል። ፎቶው እስኪመጣ ድረስ ጽሑፉን ማንበብ ይጀምራል። የሚፈልገውን ሊንክ አግኝቶ ሊነካ ሲል ፎቶው ከች ይላል። ጽሑፉ ሁሉ ወደ ታች ይሸሻል፤ ጣቱም ያላሰበው ማስታወቂያ ላይ ያርፋል።

ይህን ማስተካከል ከባድ አይደለም። ፎቶውን በልኩ ቀንሱት። ዌብፒን በመሰለ ቀለል ያለ ፎርማት አስቀምጡት። ወርዱንና ቁመቱን ኮዱ ላይ ጻፉ፤ ያኔ ብሮውዘሩ ቦታውን አስቀድሞ ስለሚይዝለት ጽሑፉ አይነቃነቅም። ጉግል የገጹ ዋና ክፍል በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ይመክራል። ጥሩ መለኪያ ነው። ነገር ግን የምትለኩት በቢሯችሁ ኮምፒውተር ብቻ ከሆነ ራሳችሁን እየሸነገላችሁ ነው። አንድ ርካሽ ስልክ ጠረጴዛችሁ ላይ ይኑር። አዲስ ነገር በሠራችሁ ቁጥር መጀመሪያ እሱ ላይ ክፈቱት።

ገጻችሁን በጆሮ የሚያነቡ ሰዎችም አሉ። ማየት የተሳናቸው ሰዎች ስክሪን ሪደር የሚባል ፕሮግራም ያነብላቸዋል። ፎቶው ላይ ማብራሪያ ካልጻፋችሁ ፕሮግራሙ አንዳንዴ የፋይሉን ስም፣ ያንን ትርጉም የለሽ የፊደልና የቁጥር ክምር፣ ያነበንብባቸዋል። ነጭ ላይ የተጻፈ ፈዛዛ ግራጫ ጽሑፍም ፋሽን ነው፤ ግን አይነበብም። ዓለም አቀፉ የተደራሽነት መመሪያ በጽሑፉና በጀርባው ቀለም መካከል ያለው የንፅፅር መጠን ለተለመደ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1 እንዲሆን ይጠይቃል። የሚለካ ነገር ስለሆነ ለክርክር አይዳርግም። ሌላም ሙከራ አለ። ማውሱን ወደ ጎን አድርጉና በታብ ቁልፍ እየተዘዋወራችሁ፣ በኪቦርድ ብቻ የራሳችሁን ፎርም ሞልታችሁ ላኩ። መሃል ላይ የት እንዳላችሁ ከጠፋባችሁ፣ እጁ ማውስ መያዝ የማይችል ሰውም እዚያው ጋ ይጠፋበታል።

አሁን ወደ ሊንክ ልምጣ። ይህ ጉዳይ በጣም ያንገበግበኛል። ሳይት በታደሰ ቁጥር የቆዩ አድራሻዎች ይሞታሉ። አንዱ ተማሪ መመረቂያ ጽሑፉ ላይ ጠቅሶት፣ ሌላው ለእናቱ ልኮት፣ ድርጅቱ ራሱ በራሪ ወረቀት ላይ አሳትሞት ይሆናል። ሁሉም ሲከፍቱት 404፣ ማለትም “ገጹ አልተገኘም”፣ ይላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ የተከፈተው የዓለማችን የመጀመሪያው ድረ ገጽ እንኳ ከአድራሻው ጠፍቶ ነበር። ገጹ የተወለደበት የአውሮፓ የኒውክሌር ምርምር ማዕከል፣ ሰርን፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ፕሮጀክት ከፍቶ ነው ወደ ጥንት አድራሻው የመለሰው። እናንተ እዚያ ድረስ አትሂዱ። ገጽ ካዘዋወራችሁ አሮጌውን አድራሻ በ301፣ “ገጹ ለዘለቄታው ተዛውሯል” በሚለው ኮድ፣ ወደ አዲሱ ምሩት። ሳይቱ የተሠራበትን ሶፍትዌር ስም አድራሻው ውስጥ አትክተቱ፤ ሶፍትዌሩ ነገ ይቀየራል።

ባካፕ ላይ፣ ማለትም ለክፉ ቀን በሚቀመጠው የሳይቱ ኮፒ ላይ፣ ደግሞ ረጋ ብለን እንነጋገር። “ባካፕ አላችሁ?” ስላችሁ ሁላችሁም አዎ ትሉኛላችሁ። “መልሳችሁ አስነሥታችሁት ታውቃላችሁ?” ስል ግን ዝም ትላላችሁ። ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ጊትላብ የተባለ ድርጅት ላይ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 የደረሰውን እወቁት። አንድ ኢንጂነር ማታ ላይ ችግር ሲፈታ ሁለተኛው ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት የዋናውን ዳታቤዝ፣ የመረጃ ማከማቻውን፣ ፋይሎች አጠፋ። ባካፕ ፍለጋ ተሮጠ። በየዕለቱ ይወሰዳል የተባለው ባካፕ በሶፍትዌር ቨርዥን አለመጣጣም ምክንያት ሲከሽፍ ቆይቷል። መክሸፉን የሚናገሩት ኢሜይሎችም ተቀባዩ ጋ አልደረሱም። ያተረፋቸው ያው ኢንጂነር አደጋው ሊደርስ ስድስት ሰዓት ገደማ ሲቀረው ለሌላ ሥራ ብሎ በእጁ የወሰደው ኮፒ ነው። በመካከል የገባው ዳታ ጠፋ። ድርጅቱን የማከብረው ሁሉንም ነገር ሳይደብቅ በዝርዝር ለሕዝብ ስለጻፈ ነው። እኛም የተማርነው ከዚያ ነው።

ስለዚህ በወር አንድ ቀን መድቡ። ባካፑን ባዶ ማሽን ላይ መልሱት። ሳይቱን ክፈቱ፤ ትናንት የገባው የመጨረሻው መረጃ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። ስንት ሰዓት እንደፈጀባችሁ መዝግቡ። ኮፒውም ከዋናው ጋር አንድ ሕንጻ ውስጥ አይቀመጥ። እ.ኤ.አ. በ2021 ፈረንሳይ፣ ስትራስቡርግ ውስጥ ኦቪኤች የተባለው የሰርቨር አከራይ ዳታ ሴንተር ሲቃጠል ባካፓቸውም እዚያው የነበረ ደንበኞች ሁለቱንም አጥተዋል።

ስለ ደኅንነት አላንዛዛም። ሶፍትዌሩንና በላዩ የሚጨመሩትን ፕለጊኖች አፕዴት አድርጉ፤ የማትጠቀሙበትን ፕለጊን አጥፉ። የተጠቃሚን ፓስወርድ እንዳለ አታስቀምጡ፤ ሃሽ ይደረግ፣ ማለትም ወደ ኋላ ወደማይመለስ ኮድ ይቀየር። የማያስፈልጋችሁንም መረጃ አትጠይቁ። ዜና በኢሜይል ለመላክ የትውልድ ቀን ምን ይሠራል? ያልሰበሰባችሁትን ማንም አይሰርቅባችሁም። ደንበኛ መውጫውን እንዳያገኝ አድርጋችሁ እንድትሠሩ የሚያዛችሁ አለቃ ከመጣ ደግሞ እንቢ በሉ። ይህን የምለው በሙሉ ልቤ ነው። ለመመዝገብ አንዴ መንካት በቂ ከሆነ፣ ለመውጣትም እንደዚያው ይሁን።

የመጨረሻው ጉዳይ ወረቀት ላይ የሚያልቅ ነው። ዶሜይኑ፣ ማለትም የሳይቱ አድራሻ ስም፣ የተመዘገበው በማን ስም ነው? በእናንተ ከሆነ ዛሬውኑ ወደ ባለቤቱ አዙሩት። በየትኛው ኢሜይል? ብዙ ጊዜ ከሥራ በለቀቀ ሰው ኢሜይል ሆኖ ይገኛል። ሰውየው ሲሄድ ሳጥኑ ይዘጋል፤ “ጊዜው ሊያልፍ ነው፣ አድሱ” የሚለው መልእክትም ሰሚ ያጣል። አንድ ቀን ሳይቱ ድንገት ይጠፋና ሁሉም ሰርቨሩን ሲመረምር ይውላል። ስለዚህ የጋራ ኢሜይል አስገቡ። ከዚያ አንድ ገጽ ጻፉ፦ ዶሜይኑ የት እንደተገዛና መቼ እንደሚታደስ፣ ሳይቱ የተቀመጠበት ሆስቲንግ የት እንደሆነ፣ ፓስወርዶቹ በየትኛው ማስቀመጫ እንዳሉ፣ ባካፑ እንዴት እንደሚነሣ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ሳይቱን ለማያውቅ የሥራ ባልደረባ ስጡትና ለእናንተ ሳይደውል ባካፑን እንዲያስነሣ ጠይቁት። የተደናቀፈበት ቦታ ሁሉ ገጹ ላይ ይጨመር።