የጦሳው እሳት የማን ነው?
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱንን ሦስት ደብዳቤዎች አንድ ላይ ለማቅረብ የመረጥነው፣ ጸሐፊዎቹ ሳይተዋወቁ ስለ አንድ ጉዳይ፣ ማለትም ከአገር አገር ስለሚሻገር ተረትና ጽሑፍ ስለ ጠየቁን ነው።

ጥያቄ፦ «ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። አያቴ ቡና እያፈላች ትነግረን የነበረውን ተረት ለተማሪዎቼ ነገርኳቸው። አንድ የደሴ ባለጸጋ ሎሌውን ‹ጦሳ ተራራ ላይ ያለ ልብስ ካደርህ ጥማድ በሬ እሰጥሃለሁ› ይለዋል። ሎሌው ማዶ የሚነድ እሳት እያየ ሌሊቱን ይገፋል። ሲነጋ ባለጸጋው ‹በእሳቱ ሞቀሃል› ብሎ ይክደዋል፤ ዳኞቹም ለባለጸጋው ይፈርዳሉ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ባለጸጋውንና ዳኞቹን ግብዣ ጠርቶ የወጥ ሽታ ብቻ እያሸተቱ ያውላቸዋል፤ ‹የማዶ እሳት ካሞቀ የወጥ ሽታም ያጠግባል› ይላቸዋል። ተረቱን ስጨርስ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ ‹መምህርት፣ ይኼ እኮ የህንድ ነው፤ በቴሌቪዥን አይቼዋለሁ› አለኝ። ልጆቹ ሳቁ፤ እኔም መልስ አጣሁ። ተረቱ የማን ነው? ለተማሪዎቼስ ምን ልበላቸው?»

መልስ፦ ክብርት መምህርት፣ ተማሪዎ ያየውን ነው የተናገረው፤ አያትዎም የነገሩዎት የራሳቸውን ተረት ነው። በህንድ ይኸው ታሪክ የሚነገረው እ.ኤ.አ. ከ1556 እስከ 1605 በነገሠው በአክባርና በብልኁ ባለሟሉ በቢርባል ስም ነው። እዚያ ድኻው ሌሊቱን የሚያሳልፈው ቀዝቃዛ ኩሬ ውስጥ ቆሞ ሲሆን፣ ከሩቅ የሚያየውም የቤተ መንግሥቱን መብራት ነው። ንጉሡ ሽልማቱን ሲከለክለው ቢርባል ከችሎት ይቀርና ሩዝና ምስር ቀላቅሎ ሲያበስል ይገኛል፤ ድስቱን ግን ከእሳቱ እጅግ አርቆ ሰቅሎታል። በቱርክ ደግሞ ባለታሪኩ ነስረዲን ሆጃ ናቸው፤ «ሩቅ መስኮት ላይ በታየች ሻማ ሞቀዋል» ተብለው ውርርዳቸውን የተነጠቁት ሆጃ፣ በአንዲት ሻማ ላይ ድስት ጥደው ባልንጀሮቻቸውን ምሳ ያስጠብቋቸዋል። ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ሃሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1950 በእንግሊዝኛ ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መድበል ውስጥ ታሪኩ የሚፈጸመው አዲስ አበባ ነው፤ ሎሌውም አርሃ ይባላል። በአያትዎ አፍ ግን ተራራው ጦሳ ሆኗል። እንግዲህ ተረቱ ባሕር መሻገር ብቻ ሳይሆን በገዛ አገሩም ውስጥ ከተራራ ተራራ ይሄዳል ማለት ነው።

እኔ ከአገር አገር የማይለወጠውን ሳይሆን የሚለወጠውን ማየት እወዳለሁ። ብርዱ፣ የሩቁ ብርሃንና የተካደው ቃል በሁሉም ዘንድ አሉ። ፍርዱ የሚቀናበት መንገድ ግን ይለያያል፤ የህንዱ ንጉሥ የተሰቀለውን ድስት በዓይኑ አይቶ ያፍራል፣ በእኛው ግን ወጡ በስሏል፣ ቅቤውና ቁሌቱ ቤቱን ሞልቶታል፣ ማዕዱ ብቻ አይቀርብም። እንግዳ ጠርቶ ሳያበሉ መሸኘት ምን ያህል ነውር እንደ ሆነ ለሚያውቅ የወሎ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሽማግሌው ለሎሌው ፍርድ ሲሉ ነውሩን በራሳቸው ቤት ተሸክመዋል። ይህ ክብደት የሚሰማው «ብሉልኝ፣ በሞቴ» በሚባልበት አገር ነው። ስለዚህ አያትዎ ተረቱን ከየትም ቢሰሙት የራሳቸው አድርገውታል እላለሁ።

የሚሻገረውም በሰው እጅና አፍ ነው፤ በነጋዴ፣ በተሳላሚ፣ በመነኩሴ፣ በሐጃጅ። አንድ በጽሑፍ የቀረ ምሳሌ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1553 በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ከየመን መጥተው የደብረ ሊባኖስ እጨጌ ለመሆን የበቁት አባ ዕንባቆም የበርለዓምንና የይዋሰፍን ታሪክ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መለሱ። ይዋሰፍ አባቱ የዓለምን ሥቃይ እንዳያይ በቤተ መንግሥት የከለለው፣ በኋላ ግን በሽተኛና ሽማግሌ አይቶ መንግሥቱን ትቶ የመነነ የንጉሥ ልጅ ነው። ይህ የቡድሃ የሕይወት ታሪክ ነው። ቡድሃ ከመሆኑ በፊት የሚጠራበት «ቦዲሳትቫ» የተባለው የማዕረግ ስም በዐረብኛ «ቡዳሳፍ» ሆነ፤ በቁርኣን ቤት የተማረ የወሎ ልጅ ወዲያው እንደሚረዳው፣ በቃል መጀመሪያ ላይ «ባ»ን ከ«ያ» የሚለያት ከሥር ያለችው ነጥብ አንድ ወይም ሁለት መሆኗ ብቻ ነውና በአንዲት ነጥብ ስሕተት «ዩዳሳፍ» ተባለ። በጆርጂያና በግሪክ ቋንቋዎች አልፎ ላቲን ሲደርስ «ዮሳፋት»፣ ግእዝ ሲደርስ «ይዋሰፍ» ሆነ። ስሙ ተዛብቶ፣ ሃይማኖቱም ተለውጦ፣ ከቤተ መንግሥቱ በር ወጥቶ በሽተኛውን ያየው ልጅ ግን ሳይጠፋ ደረሰ።

ተአምረ ማርያምም እንዲሁ ነው። ከታሪኮቹ ብዙዎቹ በ12ኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይ አገር ሲነገሩና ሲጻፉ የነበሩ ሲሆኑ፣ በዐረብኛ በኩል አልፈው በአፄ ዳዊት ዘመን ወደ ግእዝ ተመለሱ፤ ከዚያ በኋላ የአገራችን ሊቃውንት በአገራችን የተደረጉትን ተአምራት እየጨመሩ መጽሐፉን አበዙት።

ለተማሪዎችዎ እንግዲህ የቤት ሥራ ይስጧቸው። እያንዳንዱ ልጅ ተረቱን አያቱን ወይም ጎረቤቱን ይጠይቅ፤ ተራራው ማን እንደ ሆነ፣ ሽልማቱ በሬ ይሁን መሬት፣ ወጡ የምን ወጥ እንደ ነበር፣ ተራኪው ከየት ሰምቶት እንደ ነበር ሳይጨምርና ሳይቀንስ ይጻፍ። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» እያልን ነው ያደግነው። ህንዱን ያየው ልጅ ደግሞ ቢርባልን ቆሞ ይተርክላቸው፤ ክፍሉ የሳቀው በእርስዎ ላይ ስለ መሰለዎት እንጂ፣ ያ ልጅ ትልቅ ነገር ነው ያመጣልዎት።

ጥያቄ፦ «ደሴ የምማር የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ። የምናነበው አብዛኛው ከውጭ የገባ ነው። ጋሼ፣ ከእኛ ወጥቶ የሌላውን አገር ሥነ ጽሑፍ የነካ ነገር አለ? ወይስ ተቀባዮች ብቻ ነን?»

መልስ፦ እኅቴ፣ መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተጠበቀው በግእዝ ብቻ እንደ ሆነና ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ አውሮፓ እንደ ገባ በትምህርት ሳትሰሚ አትቀሪም። ስለዚህ ለአንቺ ቅርብ ወደሆነው፣ አምባሰል ወዳለው ወደ ግሼን ልውሰድሽ።

መስከረም 21 ቀን ሕዝብ የሚተምበት ይህ የመስቀል ቅርጽ ያለው አምባ በመካከለኛው ዘመን ዙፋን እንዳይቀናቀኑ የነገሥታቱ ልጆች የሚታሠሩበት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ ተራራው ጻፈ፤ መጽሐፉም በ1540 ሊዝበን ላይ ታተመ። ከዚያ ወሬው እየሰፋ ሄዶ ግሼን በአውሮፓውያን ብዕር ገነት መሰለ፤ እንግሊዛዊው ባለቅኔ ጆን ሚልተንም በ1667 በታተመው ታላቅ ግጥሙ ውስጥ የሐበሻ ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚያስጠብቁበትን «የአማራ ተራራ» አነሣ። የኢየሱሳዊው ሚስዮናዊ የሎቦ የኢትዮጵያ ጉዞ ከፖርቱጋልኛ ወደ ፈረንሳይኛ ተተርጉሞ ነበርና፣ ሳሙኤል ጆንሰን የተባለ ወጣት ደራሲ በ1735 ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ይኸው ጆንሰን በ1759 እናቱ ሲሞቱ የቀብር ወጪ ለመሸፈን በጥቂት ቀናት አንድ ልቦለድ ጻፈ፤ ባለታሪኩም በአማራ መንግሥት በተራሮች በተከበበ ሸለቆ የሚኖር፣ ምንም ያልጎደለውና በዚያው የተሰላቸ የሐበሻ መስፍን ራስላስ ነው። ስሙም የተወሰደው ሎቦ ከሚያነሣቸው ከአፄ ሱስንዮስ ወንድም ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውዪ። ግሼን ተራራ ነው፤ በጆንሰን መጽሐፍ ግን ሸለቆ ሆኗል። በግሼን መሳፍንቱ እስረኞች ነበሩ፤ በጆንሰን ዘንድ ግን እስሩ ምቾት ነው። ሰውዬው አገራችንን ረግጦ አያውቅም፤ የፈለገውም ደስታ ለሰው ይገኛል ወይ ብሎ የሚጠይቅበት ሩቅ ስፍራ ነበር። ይህ ያስከፋኛል ብዬ አልደብቅሽም፤ በዚያ ሸለቆ ውስጥ የአምባሰል ገበሬ የለም፣ ገደሉን የሚወጣ ተሳላሚ የለም። ቢሆንም መጽሐፉ ዞሮ ወደ ቤቱ መጥቷል። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅና በኦክስፎርድ የተማሩት ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ ተርጉመውታልና፣ በአማርኛ ስታነቢው የአንድ የወሎ ተራራ ወሬ ሦስት የባዕድ ቋንቋዎች ተሻግሮ ምን መስሎ እንደ ተመለሰ ታያለሽ። ትርጉሙንና የግሼንን ታሪክ ጎን ለጎን አስቀምጠሽ የመመረቂያ ጽሑፍ ብትሠሪበት በጣም ደስ ይለኛል።

በእኛው ብዕር የተጻፈው ደግሞ ዘግይቶም ቢሆን እየወጣ ነው። በ1975 ዓ.ም. የታተመው የበዓሉ ግርማ ኦሮማይ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛ ለንባብ በቅቷል።

ጥያቄ፦ «ሸዋ በር አካባቢ የምኖር ወጣት ነኝ፤ አጫጭር ልቦለዶች እጽፋለሁ። አንድ ወዳጄ ‹ወዳጃ፣ ቀሪቦ፣ ጦሳ የሚሉትን ካላወጣህ ከወሎ ውጭ ማንም አያነብህም፤ ተርጓሚም አታገኝም› አለኝ። ከአንዱ ታሪኬ ቀሪቦን አውጥቼ ለስላሳ መጠጥ አልኩት። ልክ ነኝ?»

መልስ፦ አይደለህም፤ መልሰው። የወሎ ሼኾች የነቢዩን የውዳሴ ግጥም ስልት ከዐረብኛ ሲቀበሉ ቋንቋቸውን አልጣሉም። ሼኽ ጠልሃ ጃዕፈርን የመሳሰሉት በዐረብኛ ፊደል አማርኛ ጽፈዋል፤ መንዙማውም በወሎ አማርኛ ተገጥሞ፣ በድቤ ታጅቦ፣ ዛሬ ከወሎ ርቆ ይዜማል። ቃሉን ስለ ለቀቁ አይደለም የተሰማላቸው።

በላክህልን ታሪክ ውስጥ እናትየው ለእንግዳው «ለስላሳ መጠጥ አቀረበችለት» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ሳነብ እናትየዋን አላየኋትም። ቀሪቦውን ከየት አመጣችው? በብርጭቆ ነው በጣሳ የቀዳችው? ገብሱን ስታምሰው ያጠቆረው ጣቷ ታይቶ ነበር? ይህን ከጻፍክ የደብረ ማርቆስ አንባቢ መጠጡን ይረዳዋል፤ ተርጓሚም ቢመጣ «ቀሪቦ» የሚለውን ቃል እንዳለ ይዞት ይሄዳል፤ ምን እንደ ሆነ ለአንባቢው የምትነግረው የቀጂዋ እጅ ናትና። ወዳጃውንም ቤቱ ከተሰናዳበት፣ ጭሱ ከተጫረበት፣ ዱዓው ከተጀመረበት ጀምረህ ጻፈው እንጂ ትርጉሙን በቅንፍ አታስገባ። ያወጣሃቸውን አንቀጾች መልሰህ አስገብተህ ታሪኩን ለሚቀጥለው እትም ላክልን።