ከ20 ሰው በላይ ሆናችሁ ክሩዝ ስትመርጡ፦ ጥያቄና መልስ

ከአሜሪካ ወደብ በሚነሳ ክሩዝ (የመዝናኛ መርከብ ጉዞ) ከጓደኞቻችሁ ጋር ለመሄድ አስባችሁ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች በየተራ እመልሳለሁ። ብዙዎቻችሁ የጀመራችሁት "የትኛው መርከብ ያምራል?" ብላችሁ ነው። በቡድን ሲሆን መርከቡ የሚመረጠው መጨረሻ ላይ ነው፤ መጀመሪያ የሰዎቹ ወረቀት ይታያል፣ ቀጥሎ ቀኑ፣ ከዚያ ገንዘቡ።

ጥያቄ፦ 24 ነን። ግማሾቻችን ሲቲዝን፣ ሌሎቹ ግሪን ካርድ፣ ሁለት ልጆች ደግሞ የጥገኝነት ጉዳያቸው ገና አላለቀም። አንዷ ጓደኛችን ከአዲስ አበባ በቪዛ ትመጣለች። አብረን መሄድ እንችላለን?

መልስ፦ ሁላችሁም ላትችሉ ትችላላችሁ፤ ይህን ደግሞ ብር ሳይከፈል ማወቁ ይሻላል። ከአሜሪካ ወደብ ተነስቶ ወደዚያው በሚመለስ ጉዞ ሲቲዝን የሆነ ሰው ፓስፖርት ባይኖረውም በልደት ወይም በዜግነት ሰርተፍኬትና በፎቶ መታወቂያ መሳፈር ይችላል። ቢሆንም ፓስፖርት ይያዝ፤ ባሃማስ፣ ናሳው ላይ ታሞ ከመርከቡ ቢቀር በአውሮፕላን ለመመለስ ይጠየቃል። ግሪን ካርድ ያለው ካርዱንም የኢትዮጵያ ፓስፖርቱንም ይዞ ይምጣ፣ ፓስፖርቱ ከመመለሻው በኋላ ቢያንስ 6 ወር የሚቀረው ይሁን። ባሃማስና ሜክሲኮ የአሜሪካ ቋሚ ነዋሪን ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አይጠይቁም። ሁሉም የካሪቢያን ደሴት ግን እንደነሱ አይደለም፤ መርከቡ የሚቆምባቸውን ወደቦች አንድ በአንድ አጣሩ። "እዚያ ስንደርስ አልወርድም" ማለት አያዋጣም፣ ቪዛ የጎደለው ሰው መነሻው ወደብ ላይ ሊመለስ ይችላል።

ጉዳያቸው ያላለቀው ልጆች አድቫንስ ፓሮል (ከአገር ወጥቶ ለመመለስ አስቀድሞ የሚሰጥ ፈቃድ) ሳይዙ ከወጡ ማመልከቻቸውን እንደተዉት ሊቆጠርባቸው ይችላል። መርከቡ ባሃማስ ላይ ለአንድ ቀን ቢቆምም ከአገር መውጣት ነው። ፓሮሉ ቢኖራቸው እንኳ ጠበቃቸውን ሳይጠይቁ አይሳፈሩ። ከአዲስ አበባ የምትመጣዋ ደግሞ ቪዛዋ ላይ ስንት ጊዜ መግባት እንደተፈቀደላት ትይ፤ አንዴ ብቻ ከሆነ አሜሪካ ስትገባ ተጠቅማበታለች፣ መርከቡ ሲመለስ መግቢያው ላይ ልትቸገር ትችላለች። ሦስቱን ጥላችሁ መሄድ ካልሆነላችሁ ክሩዙን ለሌላ ዓመት አሳድሩትና ሜሪላንድ ውስጥ ዲፕ ክሪክ ሐይቅ ዳር ትልቅ ቤት ተከራዩ። እኔ ብሆን የምመርጠው ይህን ነው።

ጥያቄ፦ ከሲያትል ወደ አላስካ ከአሜሪካ ወደ አሜሪካ ስለሆነ ፓስፖርት አያስፈልግም አይደል?

መልስ፦ ግሪን ካርድ ላለው ያስፈልጋል። በ1886 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ የውጭ ባንዲራ ያለው መርከብ የውጭ ወደብ ሳይነካ ከአሜሪካ ወደብ ወደ አሜሪካ ወደብ መንገደኛ እንዳያመላልስ ይከለክላል። ትልልቆቹ የክሩዝ መርከቦች ሁሉም ማለት ይቻላል የተመዘገቡት ባሃማስ፣ ፓናማና የመሳሰሉት ዘንድ ነው። የሲያትሎቹ ቪክቶሪያ፣ ካናዳ ላይ ለጥቂት ሰዓት የሚቆሙት ለዚህ ነው። ቋሚ ነዋሪ ለካናዳ ቪዛ ባይጠየቅም ካርዱም ፓስፖርቱም ጊዜያቸው ያላለፈ መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ ስም ስንሞላ ላስት ኔም ላይ ሁላችንም የአባት ስም ነው የጻፍነው። ችግር አለው?

መልስ፦ ሊኖረው ይችላል። ፓስፖርቱን ገልጣችሁ ፎቶው ካለበት ገጽ ግርጌ ያሉትን ሁለት መስመሮች እዩ። በላይኛው መስመር ከአገሩ ኮድ ቀጥሎ የሚመጣው፣ ወደ ግራ የዞሩት ሁለት ቀስት መሳይ ምልክቶች እስኪደርሱ ያለው፣ የቤተሰብ ስም ነው፤ ከምልክቶቹ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ስም ነው። አበበ ከበደ ተሰማ የሚባል ሰው ብዙ ጊዜ ላስት ኔሙ ተሰማ ሆኖ፣ "አበበ ከበደ" በሙሉ ፈርስት ኔም ሆኖ ይወጣል። ግሪን ካርዱ ላይ ደግሞ በሌላ መልክ ተጽፎ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱን አስተያዩ፤ ከተለያዩ የክሩዙ ካምፓኒ የትኛውን እንደሚከተል በጽሑፍ ጠይቁ። የፊደል ስህተት ከመጨረሻው ክፍያ በፊት በቀላሉ ይታረማል፣ ወደቡ ላይ ግን ሰልፍ ያስቆማል። ልጆቿን ብቻዋን ይዛ የምትመጣ እናት የልጆቹ ላስት ኔም ከእሷ ስለሚለይ የልደት ሰርተፍኬታቸውንና አባትየው የፈረመበት የፈቃድ ደብዳቤ ትያዝ።

ጥያቄ፦ አብዛኞቻችን ጾመኞች ነን። የትኛው ወር ይሻላል?

መልስ፦ ከፋሲካ በኋላ ያለው ሃምሳ ቀን። ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። በ2027 እ.ኤ.አ. ፋሲካ ሜይ 2 ስለሚውል እስከ ጁን 20 ነፃ ናችሁ። የአውሎ ነፋስ ወቅት የሚባለው ጁን 1 ቢጀምርም የሚበረታው ከኦገስት አጋማሽ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ነው። ልጆች ያሏቸው ትምህርት ቤት ተዘግቷል ብለው ኦገስትን ይገፋሉ፤ ያኔ ግን ከ7 እስከ 21 ፍልሰታ ነው፣ ባሕሩም አይታመንም። ሌላው ክፍተት ከገና እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ነው፤ በ2027 ከጃንዋሪ 7 እስከ ማርች 7። በመሃል ከፌብሩዋሪ 22 እስከ 24 ነነዌ አለች።

ጥያቄ፦ ዲሲ አካባቢ ነን። ባልቲሞር ወይስ ማያሚ?

መልስ፦ ባልቲሞር በመኪና ስለምትደርሱ የ24 ሰው የአውሮፕላን ትኬት ይቀራል። ነገር ግን ባሃማስ ለመድረስ ሁለት ቀን ገደማ ባሕር ላይ ናችሁ፣ ጃንዋሪ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ውጭ መቀመጥ አይቻልም። ግዙፎቹ መርከቦችም እዚያ አይገቡም፤ በቼሳፒክ ቤይ ድልድይ ሥር ማለፍ አለባቸው፣ ከውኃው እስከ ድልድዩ ያለው 186 ጫማ አካባቢ ብቻ ነው። ከሥራ የ4 ቀን ፈቃድ ብቻ ያላቸው ከበዙ ማያሚ ይሻላል። በዚያ ከሆነ በዋዜማው ግቡ። በዕለቱ ጠዋት በርራችሁ አውሮፕላኑ ቢዘገይ መርከቡ አይጠብቃችሁም።

ጥያቄ፦ የቡድን ዋጋ ከስንት ሰው ይጀምራል? አንድ ሰው በነፃ ይሄዳል የሚባለውስ እውነት ነው?

መልስ፦ ብዙዎቹ ካምፓኒዎች ቡድን የሚሉት ከ8 ካቢን ጀምሮ ነው፣ ሁለት ሁለት ሆኖ 16 ሰው ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ በየ16ቱ ከፋይ የአንድ ሰው የጉዞ ዋጋ ይቀነሳል፤ ታክስና የወደብ ክፍያው ግን ይከፈላል። ስህተት የሚሠራው ቆጠራው ላይ ነው። በአንድ ካቢን ሦስተኛና አራተኛ ሆኖ የሚተኛ ሰው ብዙ ጊዜ አይቆጠርም። 24 ሆናችሁ 12 ካቢን ብትይዙ አንድ ነፃ ታገኛላችሁ፣ ሁለተኛውን ለማግኘት 32 መሙላት አለባችሁ። ይረክሳል ብላችሁ አራት አራት ሆናችሁ በ6 ካቢን ብትገቡ ግን የምትቆጠሩት 12 ናችሁ፣ ቡድንም አትባሉም። የነፃውን ብር ለአንድ ሰው ከመስጠት ለሁሉም አካፍሉት፣ ቅሬታ ይቀራል።

ጥያቄ፦ እንዲቀላቸው ብዬ ብሩን እኔ ሰብስቤ በካርዴ ልክፈል?

መልስ፦ አታድርጊው፣ እህቴ። እያንዳንዱ ካቢን የራሱ የቡኪንግ ቁጥር ይኑረው፣ በራሱ ካርድ ይክፈል። ባንቺ ካርድ ከሆነ አንዱ ሲሰርዝ ተመላሹም ላንቺ ነው፣ ጭቅጭቁም ካንቺ ጋር ነው። ጉዞውን የሚያስይዝላችሁ ኤጀንት ካቢኖቹን በቡድኑ ስም ይይዛል፤ ዲፖዚት (ቅድሚያ ክፍያ) ያልተከፈለባቸው በተቆረጠ ቀን ወደ ካምፓኒው ይመለሳሉ። ያን ቀን ጠይቂና ለጓደኞችሽ ሁለት ሳምንት የቀደመውን ንገሪያቸው። ቁጥር ውስጥ የምታስገቢው ዲፖዚት የከፈለውን ብቻ ነው። ቀሪው ክፍያ እንደየካምፓኒው ከ75 እስከ 120 ቀን ቀደም ብሎ ይጠናቀቃል፤ ከዚያ ወዲያ የሚሰርዝ ሰው ቅጣቱ እየጨመረ ሄዶ ሙሉውን ሊያጣ ይችላል። ኢንሹራንስም በየራስ ይገዛ። ቀድሞ የነበረ ሕመም እንዲሸፈን ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ክፍያ በ14 ወይም በ21 ቀን ውስጥ መግዛት ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ካቢኖቻችን ጎን ለጎን እንዲሆኑ ምን እናድርግ?

መልስ፦ "ጋራንቲ" የሚባለውን ርካሽ ካቢን አትግዙ፣ ቁጥሩን ካምፓኒው ስለሚሰጣችሁ ትበታተናላችሁ። ባሕር ለሚያጥወለውለው ሰው ከታችኞቹ ፎቆች መሃል ላይ ያለውን ያዙ። ከመዋኛው ሥር ያለውን ተዉት፣ በማለዳ ወንበር ሲጎተት ይሰማል። አራት ሴቶች በአንድ ካቢን ከገባችሁ መታጠቢያ ቤቱ አንድ፣ መስታወቱም አንድ እንደሚሆን አስቡ፤ ለእራት ስትለብሱ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል።

ጥያቄ፦ እራት አብረን መብላት እንችላለን? የጾምና የሐላል ምግብስ?

መልስ፦ በቋሚ ሰዓት የሚበላበትን ምረጡ፤ እንደመጣችሁ የሚያስቀምጡበትን ከያዛችሁ 24 ሰው አንድ ላይ ቦታ አያገኝም። ኤጀንቱ የሁሉንም የቡኪንግ ቁጥር ለእራት እንዲያያይዝ ጠይቁ፣ ከዚያ ከ8 እስከ 10 ሰው የሚይዙ ጠረጴዛዎች ተጠጋግተው ይሰጧችኋል። ለጾም "ቬጂቴሪያን" ካላችሁ አይብና ቅቤ ይመጣል፣ "ቪጋን" በሉ። ሐላል ከጉዞው ቢያንስ ሁለት ወር ቀድሞ በጽሑፍ ይጠየቅ፣ የመጀመሪያው ማታ ላይም ኃላፊውን አስታውሱት።

ጥያቄ፦ ጀበናና እንጀራ ይዘን መግባት እንችላለን?

መልስ፦ ምድጃ፣ ከሰል፣ ዕጣንና ሻማ በእሳት አደጋ ምክንያት ክልክል ናቸው፤ ፍተሻ ላይ ይያዛሉ። ቤት የተሠራ ምግብም አብዛኞቹ አይቀበሉም፣ ስለዚህ እንጀራውን ተዉት። በፋብሪካ የታሸገ ያልተከፈተ ቆሎ ብዙ ጊዜ ያልፋል፤ የተረፈውን ግን ወደብ ላይ ይዛችሁ አትውረዱ።

ጥያቄ፦ የመጠጥ ፓኬጅ ያዋጣል?

መልስ፦ ብዙዎቹ ጋ በአንድ ካቢን ያለ አዋቂ አንዱ ከገዛ ሌላውም እንዲገዛ ይገደዳል። የሚጠጣውን ከማይጠጣው ጋር አንድ ካቢን አታስገቡ። ለምሳሌ በቀን 70 ዶላር ቢሆን 18 በመቶ ቲፕ ሲጨመር 82.60 ይሆናል፣ ለ7 ቀን 578 ዶላር ከ20 ሳንቲም። ከዚህ ሌላ የሠራተኞች ቲፕ በሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር አካባቢ ይመጣል፤ በጀቱ ውስጥ ከመጀመሪያው አስገቡት።

ጥያቄ፦ ነፍሰ ጡርና ሕፃን አሉን።

መልስ፦ ጉዞው ከማለቁ በፊት 24ኛ ሳምንቷ ውስጥ የምትገባ እናት አብዛኞቹ አያሳፍሯትም። ሕፃን ቢያንስ 6 ወር፣ ብዙ ቀን ባሕር ላይ በሚያሳልፍ ጉዞ ደግሞ 12 ወር የሞላው መሆን አለበት።