መልስ፦ ደሞዝ ጨምሬም ሠራተኞቼ ለምን አልተነቃቁም?

ወንድሜ፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ባለው የልብስ ስፌት ቤትህ ደሞዝ ጨምረህ ትንሽ ቆይቶ ያው ማርፈድ፣ ያው የተኮሳተረ ፊት ተመለሰ ብለሃል። ጭማሪው ከንቱ አልቀረም። ማጉረምረሙን አብርዷል፣ ከዚያ በላይ አትጠብቅበት።

ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፒትስበርግ አካባቢ መሐንዲሶችንና የሂሳብ ሠራተኞችን ሥራችሁ መቼ አስደሰታችሁ፣ መቼስ አስመረራችሁ ብሎ ጠየቀ። ያስመረራቸው በአብዛኛው የድርጅቱ አሠራር፣ አለቃውና የሥራ ቦታው ነው፣ ደሞዝም እዚያው ወገን መደበው። ያስደሰታቸው ግን ሌላ ነው፤ የሠሩት ሲሳካ፣ ሲመሰገኑ፣ ኃላፊነት ሲሰጣቸው። (ሰው ሲሳካለት ራሱን ያመሰግናል፣ ሲከፋው ሌላውን ይወቅሳል ብለው ዘዴውን የሚተቹ አሉ፣ እኔም ትንሽ እስማማለሁ።)

እና መጀመሪያ የሚያስመርረውን አጽዳ። በድሬ ሙቀት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ማሽን ላይ የተቀመጠችን ልጅ "ተነቃቂ" ማለት ቀልድ ነው። ቬንትሌተር ግዛ፣ ከባዱን ሥራ ወደ ጠዋት አምጣው። ትርፍ ሰዓት ካሠራህ ደግሞ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ከመደበኛው የሰዓት ክፍያ ቀን ቢያንስ 1.5 እጥፍ፣ የሳምንት ዕረፍት ቀን 2 እጥፍ ክፈል፤ "እኛ እኮ ቤተሰብ ነን" እያልክ አትለፈው።

ከዚያ አንድ ሙሉ ልብስ ከቅዱ እስከ ቁልፉ ለአንድ ቡድን ስጥ፣ ጥራቱንም ራሳቸው ይፈትሹ። አንተ በየአሥር ደቂቃው ከጀርባቸው አትቁም። ጎበዟ የሰፋችውን ደንበኛው ፊት "የእሷ ሥራ ነው" በል። ብዙ የቆየችው ደግሞ አዲሶቹን ታሠልጥን፣ ግን በነፃ አይሁን፣ አበል ጨምርላት።