በባስባሮች መካከል ስንት ሚሊ ሜትር ይበቃል?

ጥያቄ፦ በጅማ ከተማ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነኝ። ለአንድ ደረቅ ቡና መፈልፈያ የ380 ቮልት ፓነል ስገጣጥም በባስባሮቹ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን በሚያከፋፍሉት የብረታ ብረት ዘንጎች፣ መካከል 10 ሚሊ ሜትር ብተውም፣ የብሎኖቹ ራሶች ፊት ለፊት ስለሚተያዩ በጠባቡ ቦታ የቀረው 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ባልደረባዬ «አንድ ሚሊ ሜትር አየር 3,000 ቮልት ይችላል፤ አያሳስብም» ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ በጠባቡ ቦታ መለካትዎ ትክክለኛ አሠራር ነው። ባልደረባዎ የጠቀሱት ቁጥር የሚያገለግለው ግን በባሕር ጠለል ከፍታ፣ ለስላሳና ሰፊ በሆኑ ገጾች መካከል ላለ አየር ነው፤ የብሎን ጠርዝ ወይም ከኬብል ጫፍ ያፈነገጠች አንዲት የመዳብ ክር ባለችበት አየሩ ከዚያ ባነሰ ቮልቴጅ ይሸነፋል።

ደግሞም ክፍተቱን የሚወስነው 380 ቮልቱ ሳይሆን፣ መብረቅ መስመሩን ሲመታ ወይም ትልቅ ሞተር ሲጠፋ ለቅጽበት የሚፈጠረው ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው። የዓለም አቀፉ ኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን 60664-1 ደረጃ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ መስመር ቋሚ ማከፋፈያ ፓነል 4,000 ቮልት ቅጽበታዊ ግፊት አስቦ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ይጠይቃል፤ ዋናው መስመር በሚገባበት፣ በቆጣሪው አካባቢ ለሚተከል ግን 6,000 ቮልትና 5.5 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ የእርስዎ 4 ሚሊ ሜትር በመጀመሪያው ቦታ ያልፋል፣ በሁለተኛው ይወድቃል። እነዚህ ልኮች እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ስለሚሠሩ፣ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ላለችው ጅማ ማባዣ አያስፈልግም፤ አየሩ በሚሳሳበት በ3,000 ሜትር ግን በ1.14 ይባዛሉ።

እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ያልጠየቁት ነገር ነው። ባስባሩን በተሸከመው ፕላስቲክ ገጽ ላይ ጅረቱ ሊሄድበት የሚችለው መንገድ ከአየሩ ክፍተት ተለይቶ ይለካል። በመፈልፈያ ቤት የገለፈት ብናኝ እዚያ ላይ ይሰፍራል፤ ክረምት ገብቶ እርጥበት ሲያገኝ ደግሞ ጅረት ማስተላለፍ ይጀምርና ፕላስቲኩን ቀስ በቀስ ያከስለዋል። ለ400 ቮልት፣ በተለመደው ፕላስቲክና በእንዲህ ዓይነት ብናኝ ውስጥ፣ ይህ መንገድ ከ6.3 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም።

እንግዲህ ፓነሉ ሥራ ሳይጀምር ብሎኖቹ እንዳይተያዩ ቀዳዳዎቹን አሸጋሽገው ይብሱ፣ በበሩ ዙሪያም የብናኝ መከላከያ ጎማ ይግጠሙ። ከእያንዳንዱ የፍልፈላ ወቅት በኋላ ዋናውን ማብሪያ አጥፍተውና ቆልፈው፣ ቮልቴጅ አለመኖሩንም በመለኪያ አረጋግጠው፣ የባስባር መያዣዎቹን በደረቅ ጨርቅ ያጽዱ።