ማስተርሱን ልማር ወይስ ሱቅ ልክፈትበት?

ሰሞኑን አንዲት ልጅ ጻፈችልኝ። ባህር ዳር ካለው የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመርቃለች። አሁን ውጭ አገር ሄዳ በፋሽን ቢዝነስ ማኔጅመንት ማስተርሷን መሥራት ትፈልጋለች። ቤተሰቦቿ ግን «ይሄን ሁሉ ብር ለወረቀት ከምታወጪ ሱቅ ክፈቺበት» አሏት። «እርስዎ ምን ይላሉ?» ነው ጥያቄዋ።

እንግሊዝኛሽን አሻሽዪ፣ ዶክመንትሽን ቶሎ አሰባስቢ የሚለውን ማንም ይነግራታል። እኔን ይዛኝ የሄደችው «ሱቅ ክፈቺበት» የምትለዋ ናት። የአክስቴ ሱቅ ትዝ አለኝ።

አክስቴ ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ ትሸጥ ነበር። ጨርቁን በሁለት ጣቷ አሸት አድርጋ የእጅ ፈትሉን ከፋብሪካው ክር ትለያለች። ደንበኛ በር ላይ ሳለች ገና ምን ዓይነት ጥለት እንደሚያምርባት ታውቃለች። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተር እይዝላት ነበር። ደብተር ስል የዱቤ ደብተር ማለቴ ነው። ሌላ ሂሳብ የሚባል ነገር ቤቱ ውስጥ አልነበረም። ቡና ግን ነበር። ለዋጋ ተከራክሮ የተጣላ ሰው ሁሉ ቡና ጠጥቶ ይሄዳል።

አንድ ክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ሱቅ ያላት ደንበኛዋ ደወለች። የሰርግ ትዕዛዝ ነው። ለሙሽራዋ ቀሚስና ካባ፣ ለሚዜዎቹ፣ ለሁለቱም እናቶች፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት ጥለት። ወይን ጠጅ ከወርቃማ ክር ጋር። ሰርጉ በመስከረም መጨረሻ ነው። አክስቴ ደስታዋን አልቻለችውም። ቀብድ አልጠየቀችም። «እህቴ ማለት ናት፣ በምን አፌ ቀብድ እላታለሁ?» አለች።

ክሩ ተገዛ፣ ሥራው ተጀመረ። ነሐሴ ሲገባ ስልክ ተደወለ። ሙሽራዋ ሐሳቧን ቀይራለች፤ ወይን ጠጁ ይቅርና አረንጓዴ ይሁንልኝ አለች። አክስቴ «እሺ» አለች። እሷ እንቢ ማለት አይሆንላትም። የተሠራው ተቀመጠ፣ አዲስ ክር ተገዛ፣ እንደገና ከዜሮ ተጀመረ።

የሚሠሩላት ሸማኔዎች አብዛኞቹ ከጋሞ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ የመጡ ነበሩ። ለጋሞ ሰው መስቀል ማለት ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። የትም ይሥራ የት፣ ለመስቀል አገሩ ይገባል። እንቁጣጣሽ እንዳለፈ አንድ በአንድ መውጣት ጀመሩ። አክስቴ ልካኝ አንዱ ቤት ሄድኩ። ሰው የለም። ጎረቤቱ በሩን ገፋ አድርጎ አሳየኝ። አረንጓዴው ጥለት ገና ግማሽ ላይ ነው፣ እንደተወጠረ። ጣሪያው ስለሚያፈስ ላስቲክ አልብሶት ሄዷል። መወርወሪያውን በጥንቃቄ አጠገቡ አስቀምጦታል። «ለመስቀል ሄዷል፣ ይመጣል» አለኝ ጎረቤቱ፣ ምኑ ይገርማል በሚል ዓይን።

መጡ። ጨረሱትም፣ እንዴት ያለ ሥራ! ልብስ ሰፊው ሌሊቱን ሁሉ ሲሰፋ አደረ። ግን የሚወስድ መንገደኛ እስኪገኝ ሰርጉ አለፈ። ደንበኛዋ እዚያው ከሌላ ሰው ገዝታ ሰጥታለች። «በቃ አትላኪው» አለች። አክስቴ የሸማኔዎቹን አንድም ብር ሳታስቀር ከፈለች። ቀሚሶቹ ሱቅ ውስጥ ተሰቀሉ። ሰው ያያቸዋል፣ ያደንቃቸዋል፣ አይገዛቸውም። የአንድ ቤት ሰርግ ልብስ ናቸው፤ በአንድ ሙሽራ ምርጫ፣ በሌላ ሰው ልክ የተሰፉ። በመጨረሻ ጥለቱን እየቆረጥን የሕፃናት ቀሚስ አደረግነው። በዓመቱ ኪራዩ ከበዳትና ሱቁን ለቀቀች።

ብዙ ቆይቼ ለንደን ለማስተርስ ሄድኩ። ገና በመጀመሪያው ሰሞን አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ አንድ ረጅም መስመር አሰመረች። ጫፉ ላይ ልብሱ ሱቅ የሚገባበትን ቀን ጻፈች። ከዚያ ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ጭነት፣ ስፌት፣ ጨርቅ፣ ማቅለም። ቀለም የሚጸድቅበትም ቀን አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ቀለም ይቀየር ያለ ገዢ ኪሳራውን ይሸከማል፣ ውሉም ላይ ይጻፋል። ክሪቲካል ፓዝ ይሉታል። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ልጆች እያዛጉ ይገለብጣሉ። እኔን ንዴት ያዘኝ። ይቺን ለማወቅ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ መንገድ? ይቺን አንድ ሰው ያኔ ቢነግረን ኖሮ! ቁጭቱ እስከ ዛሬ አለቀቀኝም።

ሲቆይ ግን ሌላም ነገር ገባኝ። የመምህሯ መስመር ላይ መስቀል የለም። የእነሱ ዓመት የፀደይና በጋ፣ የመኸርና ክረምት እያለ ነው የሚከፈለው። የእኛ ገበያ በእንቁጣጣሽ፣ በገና፣ በጥምቀትና በፋሲካ ይሄዳል። ሰርጉ ጥርና ሚያዝያ ላይ ይጠራቀምና ሁዳዴ ሲገባ ፀጥ ይላል። ኪራይ ግን አይጾምም። ሸማኔው መቼ እንደሚሄድ ያውቅ ነበር፤ የጠየቀው ሰው ነው የጠፋው። እንግዲህ ከከፈልኩት ግማሹ ሽሮ ሜዳ በነፃ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ቢሆንም ባልማር ኖሮ መጠየቅ እንዳለብኝም አላውቅም ነበር። የቱ ይበልጣል ብትሉኝ ዛሬም ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም።

የስፔኑን የልብስ ኩባንያ የዛራን አጀማመር ስሰማ አክስቴ ፊቴ ድቅን ትላለች። መሥራቹ አማንሲዮ ኦርቴጋ መጀመሪያ ላይ ልብስ አምራች ነበር። እንደሚነገረው አንድ የጀርመን ገዢ ትልቅ ትዕዛዝ ሰረዘበት። እሱ በ1975 እ.ኤ.አ. ስፔን፣ ላ ኮሩኛ ውስጥ የራሱን ሱቅ ከፈተ። ያው የተሰረዘ ትዕዛዝ ነው፤ እሱን ሱቅ አስከፈተው፣ አክስቴን አዘጋት። የእሱ ዕቃ ማንም የሚገዛው ነበር፣ የእሷ የአንድ ሰርግ።

ወደ ትምህርቱ ልመለስ። ፋሽን ቢዝነስ ዲዛይን አይደለም። ዋናው ጉዳዩ ያልተሸጠው ልብስ ነው። ስንት ይመረት፣ በስንት ይሸጥ፣ መቼ ቅናሽ ይውጣበት፣ ገንዘቡ ጨርቅ ሆኖ ስንት ወር ይተኛ። ትልልቆቹም ይጨነቁበታል። በ2018 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የስዊድኑ የልብስ ኩባንያ ኤች ኤንድ ኤም 4.3 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ልብስ ተከማችቶበት ነበር። በዚያው ዓመት ውድ ልብስ የሚሸጠው የእንግሊዙ በርበሪ በአንድ ዓመት ውስጥ 28.6 ሚሊዮን ፓውንድ የሚያወጣ ዕቃ ማቃጠሉ ታወቀና ጉድ ተባለ፤ ከዚያ አቆማለሁ አለ።

የንግድ ሕጉንም አትናቁት። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 እ.ኤ.አ. ሲመረቅ ትልቁ ተስፋ አጎዋ ነበር፤ የአፍሪካ አገሮች ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባበት የአሜሪካ ሕግ። ጃንዋሪ 2022 ላይ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ወጣች። ማሽኑም፣ የልጆቹም እጅ ያው ነው። ቀረጡ ሲቀየር ግን የሸሚዙ ሂሳብ አልመጣ አለ።

እናንተ ወጣቶች ዘንድሮ ስልካችሁ ላይ ልብስ መሸጥ ስትጀምሩ መጀመሪያ ሎጎ፣ ቀጥሎ ፎቶ፣ ከዚያ ፎሎወር ትሰበስባላችሁ። ሂሳቡ መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ ከመጣ። ፎሎወር ቀብድ አይከፍልም። እኛም በጊዜያችን ከዚህ የተሻልን አልነበርንም፤ ፎሎወሩ እንኳ አልነበረንም።

ስለ ትምህርት ቤት፦ እንግሊዝ ማስተርሱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ነው። ለንደን ውስጥ ዌስትሚንስተር ዩኒቨርሲቲ ፋሽን ቢዝነስ ማኔጅመንት በሚል ስም ይሰጠዋል፣ ለንደን ኮሌጅ ኦፍ ፋሽንም ተቀራራቢ ዘርፎች አሉት። ህንድ ውስጥ ኒፍት የሚባለው የአገሪቱ የፋሽን ቴክኖሎጂ ተቋም የሚሰጠው የፋሽን ማኔጅመንት ማስተርስ ሁለት ዓመት ነው። ሽመናና ፋብሪካን አንድ ላይ ለሚያስብ አገር ከለንደን ይልቅ ህንድ ይቀርበናል ባይ ነኝ፣ ምንም እንኳ እኔ የሄድኩት ለንደን ቢሆንም። ጣሊያን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለሚገባ በቤተሰብ ገቢ የሚሰጥ የክልል ስኮላርሺፕ አለ።

አንቺ ልጅ፣ እኔ መጀመሪያ ሥራ ያዢ እላለሁ። ፋብሪካ መርቻንዳይዚንግ ክፍል (የገዢውን ትዕዛዝ ተቀብሎ እስከ ጭነት የሚከታተለው) ወይም ሰው የሚበዛበት ሱቅ ግቢ። የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ቺቭኒንግም ቢሆን የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ጨርሰሽም ለሁለት ዓመት አገርሽ እንድትመለሺ ያስገድዳል። ሌላ ሙሉ ስኮላርሺፕ ዛሬ እጅሽ ከገባ ግን ያልኩትን እርሺውና ሂጂ። የቤተሰብሽን ብር ግን ለትምህርቱም ለሱቁም ጠቅልለሽ አታውዪው።

ማመልከቻው ላይ «ከልጅነቴ ጀምሮ ፋሽን እወዳለሁ» ብለሽ እንዳትጀምሪ፤ ሁሉም የሚጽፈው እሱን ነው። ሳይሸጥ የቀረ አንድ ልብስ አግኚና ለምን እንደቀረ በቁጥር ጻፊላቸው። ረቂቁን ላኪልኝ፣ አነበዋለሁ። ብቻ አታርዝሚው።