«አይሠራም» ሲሉኝ ከየት እጀምራለሁ? ጥያቄና መልስ ከባሕር ዳር

እንዴት ከረማችሁ? እንጀራዬ ዌብሳይት መሥራት ነው። የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ ደምበኞቼ ግን ከደጀን እስከ ዳንግላ ተበትነዋል። ፔንሲዮን አለ፣ ክሊኒክ አለ፣ እህል ነጋዴ አለ። «ችግር ሲመጣ እንዴት ነው የምትፈታው?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ እስቲ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የጥያቄ መዓት ወረደብኝ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ደብረ ማርቆስ)፦ ኮድ መጻፉ ብዙም አይከብደኝም። ስህተት ሲመጣ ግን እጄ ይተሳሰራል። አንተ መጀመሪያ የምትነካው ምንድን ነው?

መልስ፦ ምንም። ስህተቱ ዓይኔ እያየ እስኪደገም ድረስ አንድ መስመር አልነካም። ሰው «አይሠራም» ሲልህ ያቺን ቃል ብቻ ይዘህ ኮድ ውስጥ አትግባ። ጠይቅ። በየትኛው ስልክ? የትኛው ገጽ ላይ? ምን ሞልተህ ምን ተጫንክ? ከዚያስ ምን መጣ? ስክሪንሾት አስልክ። ሰውን ያሰለቻል፣ አውቃለሁ፤ ግን የሥራው ግማሽ እዚህ ያልቃል።

አንድ ፔንሲዮን የአልጋ መያዣ ፎርም ነበረው። «ለአንዳንዱ እንግዳ ይሠራል፣ ለአንዳንዱ እንቢ ይላል» አሉኝ። እኔ ስሞክረው ይሠራል። እዚህ ላይ ብዙ ልጅ ሰርቨሩን፣ ማለት ሳይቱ የተቀመጠበትን ኮምፒውተር፣ መጠርጠር ይጀምራል፣ «ኔትወርክ ነው» ብሎ የሚገላገልም አለ። እንቢ ያላቸውን እንግዶች ስልክ ቁጥር አምጡልኝ አልኩ። ሁሉም በ07 የሚጀምሩ ናቸው! ፎርሙን ቀድሞ የሠራው ሰው በ09 ከሚጀምር ቁጥር በቀር አልቀበልም ብሎ ዘግቶታል። በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም 07ን ይዞ ሲመጣ ለፎርሙ የነገረው የለም። ማስተካከያው አንድ መስመር ነው። ሰርቨር ሲቀይሩ ቢከርሙ ግን እስከ ዛሬም አይገኝም ነበር።

ጥያቄ (ያው ተማሪ)፦ እሺ፣ ተደገመልኝ እንበል። ከዚያስ?

መልስ፦ ከዚያ ለሁለት መክፈል ነው። መረጃው ከብራውዘር ይነሳል፣ በኔትወርክ ሰርቨር ይደርሳል፣ ዳታቤዝ (የመረጃው ማስቀመጫ) ገብቶ በመጣበት ይመለሳል። መሃል ላይ ቆመህ እየው። ኮምፒውተር ላይ ብራውዘሩን ከፍተህ ኤፍ12ን ተጫንና ኔትወርክ የሚለውን ክፈት። ጥያቄው፣ ማለት ለሰርቨሩ የሚላከው መልእክት፣ ከብራውዘሩ ጭራሽ ካልወጣ ችግሩ ብራውዘሩ ውስጥ የሚሠራው ኮድህ፣ ጃቫስክሪፕትህ ጋ ነው፤ ስለ ሰርቨሩ ማሰብ ተው። ወጥቶ ትክክለኛ መልስ ይዞ ከተመለሰ ደግሞ ችግሩ አሳያየትህ ላይ ነው፣ ዳታቤዙን አትነካካ። በአንድ እይታ ግማሹን አገር ጣልክ ማለት ነው።

እዚያው ሰርቨሩ ከመልሱ ጋር የሚልካቸውን ቁጥሮችም አንብባቸው። በ4 የሚጀምሩት «ጥያቄህ ልክ አይደለም» የሚሉ ናቸው። 404 የጠየቅከው የለም፣ 401 ማንነትህን አላረጋገጥክም፣ 403 ማንነትህን ባውቅም አልፈቅድልህም። በ5 የሚጀምሩት የሰርቨሩ ጣጣ ናቸው። 500 ሲመጣ ስክሪኑ ላይ አታፍጥጥ፣ የሰርቨሩን ሎግ፣ ማለት የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ፋይል፣ ክፈት፣ እዚያ ፋይሉንና መስመሩን ጽፎ ያስቀምጥልሃል። ብዙ ጀማሪ ቀዩን የስህተት ጽሑፍ ሲያይ ሳያነብ ይዘጋዋል። ለምን እንደሚፈሩት አይገባኝም፤ በነፃ የተሰጠ ጥቆማ እኮ ነው።

ሌላው፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይር። አምስት ነገር ቀይሮ «ተስተካከለ!» የሚል ሰው አምስት ዓይነት ክኒን ባንዴ ውጦ የትኛው እንደፈወሰው የማያውቅ በሽተኛ ነው። ጊት (የኮድህን ለውጥ እየመዘገበ የሚይዝ ፕሮግራም) የምትጠቀም ከሆነ ቢሴክት የሚባል ትእዛዝ አለው። ደህና የነበረበትንና የተበላሸበትን ስትነግረው መሃሉን እያወጣ ያስሞክርሃል። 1000 ለውጥ ቢኖር እንኳ ወደ 10 ሙከራ ይበቃዋል።

ጥያቄ (ፍኖተ ሰላም)፦ የሠራሁት ሳይት ላይ አማርኛው ይበላሻል። አንዳንዴ ሳጥን፣ አንዳንዴ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ፎንት ልቀይር?

መልስ፦ ቆይ! ሳጥኑና የጥያቄ ምልክቱ አንድ በሽታ አይደሉም።

ባዶ ሳጥን ካየህ ፊደሉ በደህና አለ፤ ያ ስልክ ወይም ኮምፒውተር የግዕዝ ፎንት ስለሌለው ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ሳይቱ ላይ አያይዝለት፣ አለቀ።

የጥያቄ ምልክት ከተደረደረ ግን አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ከባድ ነው። ዳታቤዙ የላቲን ፊደል ብቻ እንዲቀበል ሆኖ ተሠርቷል፣ አማርኛውን ሲያስቀምጥ ያልገባውን ሁሉ በጥያቄ ምልክት ተክቶታል። ዳታቤዙን ራሱን ከፍተህ እይ፤ እዚያም የጥያቄ ምልክት ከሆነ ጽሑፉ ጠፍቷል፣ ከባክአፕ ካልሆነ አይመለስም። ዳታቤዝህ ማይኤስኪውኤል ከሆነ ዛሬውኑ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4፣ አማርኛንም ወደሚቀበለው አጻጻፍ፣ ቀይረው።

ሦስተኛም ዓይነት አለ። አናቱ ላይ ጭረት ያለበት የላቲን ኤ ከሌላ ዝባዝንኬ ጋር እየተደጋገመ ይመጣል። ይሄኛው ደስ ይላል፣ ብዙ ጊዜ ጽሑፉ አልጠፋም። ዩቲኤፍ8 ኮምፒውተር ፊደልን በቁጥር የሚያስቀምጥበት መንገድ ነው፤ በእሱ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። የመደበኛ ፊደሎቻችን ሁሉ የመጀመሪያ ባይት አንድ ነው፤ ያ ባይት በላቲን ሲነበብ ያች ባለ ጭረት ኤ ይሆናል። ስለዚህ የተበላሸው አነባበቡ ነው። ኤክሴል ላይ ሲኤስቪ የሚባለውን የሰንጠረዥ ፋይል ስትከፍት የምታየው ብልሽትም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለት የዓለም ፊደሎች የኮምፒውተር መዝገብ ውስጥ፣ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስንት ዓመቱ! አሁንም በዚህ መሰቃየታችን ያናድደኛል።

ጥያቄ (ባሕር ዳር)፦ ሳይቴ ላይ መፈለጊያ ሠርቼ ሰው ሲፈልግ አያገኝም፣ እቃው ግን አለ። ለምን?

መልስ፦ የራሳችንን ከተማ ስም ተመልከቺ። ባሕር ዳር፣ ባህር ዳር፣ ባሕርዳር፣ ባህርዳር። ለአንቺ አንድ ነው፣ ለኮምፒውተሩ አራት። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ፣ ሁሉንም ወደ አንድ የሚያመጣ ትንሽ ፈንክሽን ጻፊ፤ ክፍት ቦታውንም ያጥፋልሽ። የተስተካከለውን ለፍለጋ ብቻ ዳታቤዙ ውስጥ በሌላ ዓምድ (ኮለም) አስቀምጪው። ሰው የጻፈውን ዋናውን ጽሑፍ ግን እንዳትነኪ። ስሙን በሠ የጻፈ ሰው በሰ ተጽፎ ሲያየው ይቆጣል፣ እውነቱንም ነው።

ጥያቄ (እህል ነጋዴ፣ ቢቸና)፦ ልጄ፣ እኔ ኮምፒውተር አላውቅም። ዌብሳይት ላሠራ አስቤ አንዱ ምን ዓይነት ትፈልጋለህ ቢለኝ መልስ አጣሁ። ምን ልበለው?

መልስ፦ ጋሼ፣ እርስዎ መልስ ማጣትዎ አያሳፍርም። ጥያቄው ነው በደንብ ያልተጠየቀው። እኔ ብሆን «ምን ዓይነት» አልልዎትም፤ መዝገብዎን አሳዩኝ ነው የምለው። ያንን ዱቤም፣ ስልክ ቁጥርም፣ የኩንታል ዋጋም የሚጽፉበትን ደብተር። ከዚያ ግማሽ ቀን ሱቅዎ ቁጭ ብዬ ማን እንደሚደውልና ምን እንደሚጠይቅ አያለሁ።

አንድ እንደ እርስዎ ያሉ ነጋዴ ፎቶ የሚንሸራተትበት፣ ያሸበረቀ ሳይት ነበር ያሰቡት። ቁጭ ብዬ ሳይ ግን ስልካቸው አያርፍም፤ ከአዲስ አበባ የሚደውለው ሁሉ «ማኛ ዛሬ ስንት ገባ? ሠርገኛስ?» ነው። የሚያስፈልጋቸው አንድ ገጽ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከስልካቸው ላይ የማኛ፣ የነጭ፣ የሠርገኛና የቀይ ጤፍ ዋጋ ያስገባሉ፤ ከሥር ቀኑና የስልክ ቁጥራቸው ይታያል። በቃ። ካሰቡት በጣም ያነሰ ገንዘብ አወጡ። ስለዚህ ለሰውዬው «ሰው ቀኑን ሙሉ ይህን ይህን ይጠይቀኛል፣ ይህ ይቅለልልኝ» ይበሉት። ደብተርዎን ለማየት የማይፈልግ ከሆነ ሌላ ሰው ይፈልጉ። ቀብድ ሲሰጡም ዶሜይኑ፣ ማለት ሰው ሳይትዎን የሚከፍትበት አድራሻ፣ በእርስዎ ስም እንደሚመዘገብ ውሉ ላይ ያጽፉ፤ ይህን የረሳ ብዙ ሰው ከሠሪው ጋር ሲጣላ ሳይቱን ያጣል።

ጥያቄ (የክሊኒክ ሠራተኛ፣ ቡሬ)፦ ቀጠሮ 3 ሰዓት የያዘ ሰው ሲስተሙ ላይ ሌሊት ተብሎ ይወጣል።

መልስ፦ ሰውየው የሞላው በእኛ ሰዓት ነው፣ ጠዋት 3፤ ሲስተሙ ደግሞ 03:00 ብሎ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አደረገው። ሰው ሰዓት በቁጥር እንዲጽፍ አታድርጉ። «ጠዋት 3፣ ጠዋት 4፣ ከሰዓት 8» ብላችሁ በዝርዝር አስመርጡት፣ ከጀርባ ግን በዓለም አቀፉ ሰዓት ይቀመጥ።

ቀኑም እንደዚያው ነው። ከፈረንጁ ዓመት 8 መቀነስ ብቻ መልስ አይሆንም፤ ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጁ ዓመት መጨረሻ 7 ነው። መስከረም 1 ራሱም ይንቀሳቀሳል፤ የ2016 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12፣ 2023 ነበር፣ የ2017ቱ ደግሞ ሴፕቴምበር 11፣ 2024። ሠሪያችሁን በእነዚህ ሁለት ቀኖችና በጳጉሜ 6፣ 2015 ፈትኑት። ለካስ ብራውዘሮች የኢትዮጵያን ካላንደር ያውቃሉ፤ ጃቫስክሪፕት ውስጥ ያለ ኢንትል የሚባል መሣሪያ ቀኑን ቀይሮ ያሳያል። ስለዚህ ከባዶ መጻፍም ላያስፈልግ ይችላል።

ጥያቄ (ኦንላይን ሻጭ)፦ ደምበኛ ከፈልኩ ይላል፣ ሲስተሙ አልከፈለም ይላል። ማንን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱንም አትመኚ፣ ክፍያውን የሚያስተላልፈውን ድርጅት ከሰርቨርሽ ጠይቂ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ደምበኛው ከፍሎ ወደ «እናመሰግናለን» ገጽ ሲመለስ ያኔ ተከፍሏል ብሎ ይመዘግባል። መሃል ላይ ኔት ከተቋረጠ ሰውየው ገጹ ላይ አይደርስም፣ ብሩ ግን ወጥቷል። ተንኮለኛም የገጹን ሊንክ ካወቀ ሳይከፍል ይገባል። የክፍያ አገልግሎቶች ክፍያው ሲያልቅ ለሰርቨርሽ በቀጥታ መልእክት ይልካሉ፤ እሱን ተቀበዪ፣ ከዚያም የትእዛዙን ቁጥርና የብሩን ልክ መልሰሽ አረጋግጪ። እያንዳንዱ ትእዛዝ አንድ ልዩ ቁጥር ይኑረው። ያው መልእክት ሁለቴ ቢመጣ፣ ወይ ደምበኛው ኔቱ ሲዘገይ ቁልፉን ደጋግሞ ቢጫን፣ ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ።

ጥያቄ፦ ሳይቴ ቀርፋፋ ነው፣ ሆስቲንግ (ሳይቱ የተቀመጠበትን አገልግሎት) ልቀይር?

መልስ፦ መጀመሪያ ፎቶዎችህን እይ። ከስልክ እንዳለ የተጫነ 4 እና 5 ሜጋባይት የሆነ ፎቶ ነው የሚሆነው። ወርዱን ወደ 1200 ፒክስል አውርደህ ዌብፒ በሚባለው ቀላል የፎቶ ዓይነት አስቀምጠው፣ ብዙ ጊዜ ከ200 ኪሎባይት በታች ይወርዳል። ሰው የቀን ጥቅል ገዝቶ ነው የሚያይህ፣ እያንዳንዷ ሜጋባይት የእሱ ብር ናት። ኤፍ12 ውስጥ ኔቱን ሆን ብሎ የሚያዘገይ ምርጫ አለ፤ እሱን አብርተህ የራስህን ሳይት ተጠቀም፣ ትዕግሥትህን እናያለን።

ጥያቄ (ሞጣ)፦ መብራትና ኔት ሲጠፋ እንዴት ትሠራለህ?

መልስ፦ እንደማይኖር አስቤ ነው የማዘጋጀው። ዳታቤዙም ሰርቨሩም ላፕቶፔ ላይ ተጭኖ አለ። ጊት ያለ ኔት ይሠራል፣ ኔት የሚፈልገው ስትልክና ስትቀበል ብቻ ነው። ዴቭዶክስ የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች መመሪያ ስብስብ አስቀድሜ አውርጄዋለሁ። ክልላችን ሞባይል ዳታ አጥቶ በከረመ ጊዜ ይህን ያላዘጋጀ ልጅ ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ። ለተጠቃሚውም አስቡለት፤ ረጅም ፎርም ሞልቶ «ላክ» ሲል ኔቱ ቢሄድ የሞላው ሁሉ ከሚጠፋ ብራውዘሩ ውስጥ አስቀምጡለት።

ጥያቄ፦ ቻትጂፒቲ ኮድ እየጻፈ አንተ ምን ቀረህ?

መልስ፦ እጠቀምበታለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ። ፎርም በደቂቃ ይጽፍልኛል። ግን ከላይ ያሉትን አንብባቸው። የ07 ቁጥር የነገረኝ እንግዳ መቀበያ ላይ ያለችው ልጅ ናት፤ የጤፍ ዋጋውን የነገረኝ የነጋዴው ስልክ ነው። ያንን ካልነገርከው ቻትጂፒቲ ሊያውቀው አይችልም፣ ለማወቅ ደግሞ ሱቁ ድረስ መሄድ አለብህ። የማታነበውን ኮድ ግን ከእሱም ተቀብለህ አትለጥፍ።

ጥያቄ፦ ተጣብቀህ ስትቀርስ?

መልስ፦ ችግሩን ለሌላ ሰው በጽሑፍ አዘጋጃለሁ፦ ምን ጠበቅኩ፣ ምን ሆነ፣ ምን ምን ሞከርኩ። ብዙ ጊዜ ጽፌ ሳልጨርስ ይገለጥልኛል። ካልተገለጠ ያንኑ እልካለሁ፣ እንደዚያ ለተጻፈ ጥያቄ ሰው ቶሎ ይመልሳል። «ወንድሜ ኮዴ እንቢ አለ፣ እርዳኝ» ተብሎ ለመጣ ግን ምን ብዬ ልርዳህ?

ጥያቄ፦ ከየትኛው ቋንቋ ልጀምር?

መልስ፦ ኤችቲኤምኤል፣ ሲኤስኤስ፣ ከዚያ ጃቫስክሪፕት። ፒኤችፒ ወይስ ፓይተን በሚል ክርክር ጊዜህን አትጨርስ፣ አካባቢህ የሚያስተምርህ ሰው ያለበትን ያዝ።

ጥያቄ፦ ላፕቶፕ ልገዛ ነው፣ ምን ልግዛ?

መልስ፦ ራሙ 8 ጊጋባይት፣ ሃርድ ዲስኩ ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣኑ ዓይነት ይሁን፤ ያገለገለም ይሆናል። ስትገዛ ቻርጀሩን ነቅለህ ባትሪው ምን ያህል እንደሚቆይ እዚያው ሱቁ ውስጥ ፈትነው፤ «ይቆያል» ሲሉህ አትመን።