ደረሰኙን ስዘጋው ፕሮግራሙ በሙሉ ጠፋ

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ፖሊ የመጨረሻ ዓመት የሶፍትዌር ተማሪ ነኝ። ለአጎቴ የሕንፃ መሣሪያ መደብር በጃቫ ስዊንግ (ዊንዶውና በተን በሚሠራበት የጃቫ ክፍል) የሽያጭና የስቶክ ፕሮግራም ሠርቼ ኢንተርቪው ላይ ይዤው ሄድኩ። ጠያቂው «ስቶክ» የሚለውን በተን ደጋግሞ ሲጫነው አምስት ተመሳሳይ ዊንዶው ተከፈተ። የደረሰኙን ዊንዶው ሲዘጋው ደግሞ ፕሮግራሙ በሙሉ ጠፋ። «እናሳውቅሻለን» አሉኝ፤ ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱ። ወደ ዌብ ልዙር ወይስ ፕሮግራሚንግ ለኔ አይደለም?

መልስ፦ እህቴ፣ ያን ቀን ምን ያህል እንደደነገጥሽ ይገባኛል። የመጨረሻውን ጥያቄሽን ግን ለጊዜው እንተወው። የገጠመሽ ነገር ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ብዙ ተማሪም ይገጥመዋል።

ኮድ በምትጽፊበት በኔትቢንስ ላይ አዲስ ጄፍሬም ፎርም፣ ማለትም አዲስ ዊንዶው፣ ስትፈጥሪ «ኤግዚት ኦን ክሎዝ» የሚለው ምርጫ አብሮ ይመጣል። ይህ ዊንዶው ሲዘጋ ፕሮግራሙም ይዘጋ ማለት ነው። ለዋናው ዊንዶው ልክ ነው። ለደረሰኙ ግን «ዲስፖዝ ኦን ክሎዝ» አድርጊው፤ ያኔ ራሱ ብቻ ይዘጋል። አምስቱ ዊንዶው የመጣው ደግሞ በተኑ በተነካ ቁጥር አዲስ ስለምትፈጥሪ ነው። የስቶኩን ዊንዶው በአንድ ቫሪያብል ያዢው። ተከፍቶ ከሆነ ወደ ፊት አምጪው፣ ካልሆነ ክፈቺው። ሁለቱም የአንድ ከሰዓት ሥራ ናቸው።

በነገራችን ላይ፣ ጠያቂው በተኑን የደጋገመው አንቺን ሊያዋርድ አይመስለኝም። ኮምፒውተር ሲዘገይ ካሸርም የምታደርገው ይህንኑ ነው። አልከፈት ሲላት እንደገና ትጫናለች።

ይህን ብቻ ነግሬሽ ባቆም ግን ቀጣዩ ኢንተርቪው ላይ ሌላ ጉድ ይጠብቅሻል። መጀመሪያ የትኛው ነገር ዊንዶው መሆን እንዳለበት መወሰን አለብሽ። እስቲ የአጎትሽን መደብር አስቢው። ደንበኛ ቆሟል። ቆርቆሮው፣ ሚስማሩና ሲሚንቶው ተመዝግቧል፤ ሒሳቡ ገና አልተዘጋም። ስልክ ይጮኻል። «ባለ 12 ፌሮ አለ?» ካሸሯ ስቶኩን ማየት አለባት። ብዙ ተማሪ እንደሚያደርገው አንዱን ፎርም አጥፍተሽ ሌላውን የምትከፍቺ ከሆነ የተጀመረው ሽያጭ አብሮ ይጠፋል። ደንበኛው እያየ ከሚስማሩ ጀምራ እንደገና ትመዘግባለች። ሁለተኛ ቀን ፕሮግራምሽን ዘግታ ወደ ደብተሯ ትመለሳለች።

ስለዚህ ስቶኩ ሽያጩን ሳይነካ አጠገቡ መከፈት አለበት። የመደብሩ ስክሪን ትንሽ ከሆነ በ«ጄስፕሊትፔን» አንዱን ዊንዶው ለሁለት ከፍለሽ ጎን ለጎን አስቀምጫቸው። የማይክሮሶፍት የመጀመሪያው ዊንዶውስ እ.ኤ.አ. በ1985 ሲወጣ እኮ ፕሮግራሞቹ ጎን ለጎን ነበር የሚቀመጡት፤ መደራረብ የጀመሩት በ1987 በሁለተኛው እትም ነው። ጎን ለጎን ማስቀመጥ የድሮ ነገር ነው ብለሽ አትናቂው።

«ክፍያው ይመዝገብ?» የሚለው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። እሱ ሳይመለስ ሌላ ነገር መነካት የለበትም። እዚህ ጋ ጄዳያሎግ፣ ማለትም ትንሽ የጥያቄ ዊንዶው፣ ተጠቀሚ፤ ሞዳል አድርጊው፣ ማለትም እስኪመለስ ሌላውን ዊንዶው ይቆልፍ፤ ባለቤቱ ዋናው ዊንዶው መሆኑንም ንገሪው። ያኔ ከዋናው ኋላ ተደብቆ ካሸሯን «ኮምፒውተሩ ደረቀ» አያሰኛትም። ሁሉንም ሞዳል ካደረግሽ ደግሞ ስልኩ ሲጮህ እጇ ይታሰራል። ሪፖርትና የዋጋ ማስተካከያ ብዙ ጊዜ ዊንዶው አያስፈልጋቸውም። በታብ ወይም ገጾችን አንድ ቦታ ላይ በሚያፈራርቀው በካርድ ላዩት እዚያው ይቀያየሩ።

አሁን እኔን በጣም የሚያስጨንቀኝ ነገር። ካሸሯ 30 ፌሮ ሸጠች። ከጎኑ የተከፈተው ስቶክ ግን አሁንም የጠዋቱን 40 ያሳያል። ሌላ ሰው ደወለ፤ «40 አለ» አለችው። ሰውየው ጭነት መኪና ተከራይቶ ሲመጣ 10 ብቻ አገኘ። ይህ የአጎትሽ ስም ነው። እያንዳንዱ ዊንዶው የራሱን ኮፒ ይዞ ሲቀመጥ የሚመጣው ይኸው ነው። ዳታው አንድ ቦታ ይሁን። ስዊንግ ውስጥ ሁለት ጄቴብሎች (ሠንጠረዦች) አንድ ሞዴል፣ ማለትም ዳታውን የሚይዘውን ክፍል፣ መጋራት ይችላሉ፤ ሞዴሉ ሲለወጥ ለሁለቱም ያሳውቃል፣ ሁለቱም ይታደሳሉ። እኔ ጠያቂ ብሆን ከአምስቱ ዊንዶው ይልቅ ይህን ነበር የምፈትሸው።

ወደ ዌብ ልዙር ላልሽው፣ ከወደድሽው ዙሪ፤ ጥሩ ሥራ ነው። ከዚህ ሸሽተሽ ግን አትሂጂ፣ ምክንያቱም እዚያም ያገኝሻል። አንዱን መደብር በሁለት ታብ ከፍተሽ አንዱ 40 ሌላው 10 ሲያሳይ ያው ጥያቄ ነው። ደግሞ ኔትወርክ ሲጠፋ መሸጥ የማያቆም መደብርና ፋርማሲ እኛው ከተማ ውስጥ አለ። እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነ ፕሮግራም ለእነሱ ዛሬም ይጠቅማል።

አሁን የማዝሽ ይህን ነው። የድሮውን ኮድ አታጥፊው፣ ለብቻው አስቀምጪው። ወረቀትና እርሳስ ይዘሽ ሐይቁ ዳር ጥላ ፈልገሽ ተቀመጪ፤ ላፕቶፑን ቤት ተዪው። እያንዳንዱን ዊንዶው በሳጥን ሳዪ። ማን ማንን እንደሚከፍት፣ የቱ ሲዘጋ የቱ እንደሚቀር በቀስት አሳዪ። አጀማመሩ የማይታወቅ ቀስት ካገኘሽ ችግርሽ እዚያ ነው። ቅዳሜ ደግሞ መደብሩ ይበዛበታልና ግማሽ ቀን ካሸሯ አጠገብ ተቀመጪ። ምንም አታርሚ፣ ዝም ብለሽ ጻፊ።

ከዚያ አስተካክለሽ ስትጨርሺ ለዚያ ድርጅት አጭር መልእክት ላኪ። «በዕለቱ ያያችሁትን ስህተት አስተካክያለሁ፤ አሥር ደቂቃ ብትሰጡኝ ላሳያችሁ» በያቸው። ይቅርታ አታብዢ። እሺ ካሉሽ መጀመሪያ የድሮውን ክፈቺና አምስቱን ዊንዶው ራስሽ አሳያቸው፤ ቀጥለሽ አዲሱን። እምቢ ካሉም ሌላ ቦታ ስትጠየቂ የምትናገሪው ታሪክ በእጅሽ ነው። ስህተቱን ከምክንያቱ ጋር የሚያስረዳ ጀማሪ ሳገኝ እኔ ደስ ይለኛል፤ ብዙ ጠያቂም እንደዚያው ነው።

የሳልሽውን ወረቀት በስልክሽ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። ቅዳሜ ስልኩ ሲጮህ ካሸሯ ምን እንዳደረገችም ጻፊልኝ።